የጥድ ሽታ፣ የወይራ ጢስ እና የመኝታ ቤት አየር፦ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ከስምንት ወር በፊት የመኝታ ቤታችንን አንዱን ግድግዳ በአበሻ ጥድ ጣውላ አስለበስን። መጀመሪያ ሰሞን በሩን ስከፍት ሽታው ልቤን ያሳርፈው ነበር፣ እንቅልፌም ተስተካክሎ ነበር። አሁን ምንም አይሸተኝም። ስለዚህ ማታ ማታ ከሰል ላይ ወይራና እጣን ማጨስ ጀመርኩ። ደስ ይላል፣ ግን ጠዋት ራሴን እያመመኝ እነሳለሁ። የስድስት ዓመት ልጃችን አስም አለባት፤ የምትተኛው ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው። የእንጨት ሽታ በእርግጥ ስሜትን ይለውጣል ወይስ እኔው ነኝ ለራሴ የነገርኩት? የጠፋውን ሽታስ እንዴት ልመልሰው?»

ከሽታው በፊት ራስ ምታቱ ይቅደም። በተዘጋ መኝታ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ ያደረ ሰው ጠዋት ራሱን ሲያመው፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። የእጣኑ መዓዛ ክፍሉን ስለሞላው ደግሞ አየሩ የተበላሸ አይመስልም። ከደም ቀይ ሕዋስ ጋር ለመጣበቅ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይቀናዋል፤ ንጹሕ አየር ላይ ከወጡ በኋላም እንኳ ከደምዎ ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ራስ ምታቱ እስከ ረፋድ የሚቆየው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጢሱ ሲጠፋ አደጋውም የጠፋ ስለሚመስለው ነው። አመድ የለበሰው ጸጥ ያለ ፍም ጢስ ሳያሳይ ጋዙን ማውጣቱን ይቀጥላል። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከሰል ወደ መኝታ ቤት አይግባ። ጠዋት እርስዎን ብቻ ሳይሆን ባለቤትዎን ወይም ልጅቱንም ራስ ካመማቸው፣ ካቅለሸለሻቸው ወይም ካዞራቸው የዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ይሂዱና «ከሰል ባለበት ቤት ነው ያደርነው» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ይህች ዓረፍተ ነገር ካልተነገረች ሐኪሙ ጉንፋን ሊመስለው ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ለራስዎ የነገሩት ነገር ብቻ አይደለም፤ የጥድ ሽታ በሰውነት ላይ የሚለካ ነገር ያደርጋል። ነገር ግን ጉልበቱ ሰው እንደሚያወራለት ትልቅ አይደለም። የሚሠራውም በጥቂቱና አልፎ አልፎ ሲቀርብ ነው፤ ሌት ተቀን አብሮ ሲውል አፍንጫ ይሰለቸዋል። ደግሞም ጥድ ሽታውን ለመስጠት እሳት አይፈልግም። እኛ አገር የእንጨት መዓዛ ከድሮም ከፍም ጋር ስለሚመጣ፣ ያለ ጢስ ሽታ ይኖራል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ያ ሽታ ምን እንደሆነ እንይ። እርሳስ ሲቀረጽ የሚወጣውን ጠረን ያስታውሱ። የአበሻ ጥድ በዓለም የእንጨት ንግድ «የምሥራቅ አፍሪካ የእርሳስ ጥድ» የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ እንጨቱ ለእርሳስ ሥራ ሲፈለግ የኖረ ነው። ሽታው የሚኖረው በግንዱ ልብ ውስጥ፣ ቀላ ባለው ክፍል ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል ግን ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ስለዚህ ጣውላዎ ነጣ ነጣ ያለ ከሆነ፣ የከፈሉት ለእንጨት እንጂ ለሽታ አይደለም። የፈረንጅ ጥድ የሚባለው ደግሞ የአጥር ዛፍ ሆኖ የምናውቀው ሌላ ዝርያ ነው፤ እንጨቱ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሽታውም የተለየና የሳሳ ነው። አንዳንድ እንጨት ቤት ሁለቱንም «ጥድ» ብሎ ስለሚሸጥ ሲገዙ አንድ ጥግ በመላጊያ አስፍቀው ያሽትቱ።

የጥድ ሽታ ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው ቀላልና ፈጥኖ የሚበር ነው፤ አልፋ ፓይኒንና መሰሎቹ፣ በተለይ በቅጠሉና በእርጥብ እንጨት ውስጥ የሚገኙት። አፍንጫን ነካ የሚያደርግ፣ የሚያነቃ ሽታ ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ በሳምንታት ውስጥ አብዛኛው ይሄዳል። ሁለተኛው ከባዱ ነው፤ ሴድሪን፣ ቱዮፕሲንና ሴድሮል። ሴድሮል በክፍል ሙቀት ፈሳሽ እንኳ አይደለም፣ ነጭ ጠጣር ነው። የሚቀልጠው በ86 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ ወደ አየር የሚወጣው በስስት ነው። የአያት የጥድ ሳጥን ከብዙ ዓመት በኋላ ክዳኑ ሲነሳ የሚሸተው በእሱ ነው።

ታዲያ የእርስዎ ግድግዳ በስምንት ወር እንዴት ዝም አለ? ሦስት ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ለይተን ማወቅ አለብን።

የመጀመሪያው አፍንጫዎ ነው። አንድ ሽታ ሳይቋረጥ ሲመጣ አፍንጫም አንጎልም በደቂቃዎች ውስጥ ችላ ይሉታል። በቤታቸው አንድ ሽታ ለሁለት ሳምንት እንዲያድር የተደረገባቸው ሰዎች የዚያን ሽታ ስሜት ያጡ ሲሆን፣ ሽታው ከተነሳ በኋላም ስሜታቸው ቶሎ አልተመለሰም። እርስዎ ደግሞ ስምንት ወር አድረውበታል። ለመለየት ቤትዎን የማያውቅ እንግዳ በሩን ዘግቶ የቆየውን ክፍል ከፍቶ እንዲገባ ያድርጉ። «ምን ይሸታል?» ብለው አይጠይቁት፣ ዝም ብለው ይዩት። ራሱ ካነሳው እንጨቱ አልሞተም፣ የደከመው አፍንጫዎ ነው።

ሁለተኛው የእንጨቱ ፊት ነው። ሽታው የሚወጣው ከላይኛው ስስ ንጣፍ ነው። ያ ንጣፍ ዘይቱን ይጨርሳል፣ ብርሃንና አየር ይለውጡታል፣ አቧራና የእጅ ቅባት ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ከሥሩ ያለው እንጨት ግን እንዳለ ነው። ከቁም ሣጥን ጀርባ በማይታይ ቦታ መዳፍ የምታህል ስፍራ በቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት አሥር ጊዜ ያህል ይፈትጉና ከአምስት ሳንቲ ሜትር ርቀት ያሽትቱ። ሽታው ብቅ ካለ ችግሩ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ቫርኒሽ ነው። አናጢው «እንዲያምር» ብሎ ሳይጠይቅዎ ቀብቶት ሊሆን ይችላል። በጣትዎ ጫፍ አንድ የውኃ ጠብታ ጣውላው ላይ ያስቀምጡና አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ጠብታው እንደ ዶቃ ተድበልብሎ ከቆየ እንጨቱ ተለስኗል፤ ጠቁሮ ከሰረገ ጥሬ ነው። በቫርኒሽ የተለሰነ ጥድ ለዓይን እንጂ ለአፍንጫ አይደለም። የመጀመሪያው ወር ላይ የሸተተዎትም ከፊሉ የጣውላው ጀርባና ጫፍ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ግድግዳው ከሥሩ ምን አለው? ጣውላው ኮምፔንሳቶ ወይም ቺፑድ ላይ በማስቲሽ ተለጥፎ ከሆነ፣ ራስ ምታቱ ውስጥ የእነሱም እጅ ሊኖር ይችላል። ኮምፔንሳቶና ቺፑድ የሚጣበቁበት ሙጫ ፎርማልዴሃይድ ያወጣል፣ ሙቀትና እርጥበት ሲጨምር ደግሞ ይብሳል። ምልክቱ ራስ ምታት ብቻ አይደለም፤ ተዘግቶ የዋለ ክፍል ሲከፈት ዓይን ይለበልባል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ከሰሉን ካቆሙ በኋላ ይህ ከቀጠለ ጠዋትና ማታ መስኮቱን ከፊት ለፊቱ ካለው በር ጋር ለ15 ደቂቃ ከፍተው ያናፍሱ፤ ለሁለት ሳምንት ለውጥ ካልመጣ አናጢውን ጠርተው ጀርባውን ያሳዩ።

እንጨቱ ጥሬ ሆኖ ፊቱ ብቻ የደረቀ ከሆነ መመለሱ ቀላል ነው፤ ግን ግድግዳውን በሙሉ አይንኩ። አልጋው ራስጌ ያለውንም አይንኩ፣ እዚያ ከተፋቀ ሌሊቱን ሙሉ ይሸትዎትና በሳምንቱ ደግሞ ይጠፋብዎታል። በሩ አጠገብ ያለውን፣ ሲገቡ የሚያልፉበትን አንድ ወይም ሁለት ጣውላ ይምረጡ። ልጅቱ ከቤት ትውጣ፤ ዘመድ ቤት የምትውልበት ቀን ይሁን። አልጋ ልብሱን ያንሱ፣ መስኮቱን ይክፈቱ፣ ኤን-95 የሚባለውን ጭምብል ያድርጉ። ብርጭቆ ወረቀቱን በቁራጭ እንጨት ላይ ጠቅልለው፣ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ብቻ፣ መጀመሪያ በቁጥር 120 ቀጥሎ በ180 ቀስ ብለው ይፈትጉ። የኤሌክትሪክ መፈተጊያ አያስፈልግም። ፍጥነቱ እንጨቱን ያሞቀዋል፣ የቀለጠው ሙጫ ወረቀቱን ይደፍነዋል፣ ብናኙም ክፍሉን ይሞላል። ሲጨርሱ አይጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ያንሱት። የእንጨት ብናኝ የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ጋር መድቦታል። ያ ዕድሜ ልካቸውን የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ለሚውሉ ነው እንጂ በዓመት ሁለት ጊዜ ጣውላ ለሚፈትግ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም አስም ባለበት ቤት ብናኝ ቀልድ አይደለም። ከተፈተገ በኋላ ምንም አይቀባ። ሰምም፣ ዘይትም፣ «ትንሽ ቫርኒሽ»ም አያስፈልገውም።

ቫርኒሽ የተቀባ ከሆነ ግን መላጡን ይተዉት፤ የሚያወጡት ድካምና ብናኝ ከሚያገኙት ሽታ ይበልጣል። ለእርስዎ ዓይነት ሁኔታ ከግድግዳው ይልቅ የሚሻለው የቆርቆሮ ጣሳ ነው።

ጥድ ከሚሠራ አናጢ ዘንድ ሄደው የመላጊያ ፍቅፋቂ ይጠይቁ። ሰጋቱራ አይውሰዱ፤ እሱ ደቃቅ ስለሆነ ይበናል። የሚፈልጉት የተጠቀለለው፣ ቀላ ያለው፣ እንደ ሪባን የሚመዘዘው ነው። አዲስ ጥድ አስቆርጣለሁ ብለው አያስቡ፤ ከተፈጥሮ ደን ጥድ መቁረጥ በሕግ የተገደበ ነው፣ የአናጢ ትርፍራፊ ደግሞ ይበቃዎታል። ሦስት እፍኝ ያህል በወንፊት ነፍተው ብናኙን ከደጅ ያራግፉ። ጥላ ውስጥ ወረቀት ላይ ዘርግተው ሦስት ቀን ያድርቁት፤ እርጥብ ሆኖ ከታሸገ ይሻግታል፣ ሻጋታ ደግሞ ለአስም ከጢስ አይተናነስም። ከዚያ በደንብ የሚገጥም ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያኑሩት። ፕላስቲክ አይሆንም፤ የጥድ ዘይት ፕላስቲክን ያላላል፣ ሽታውንም ይጠጣዋል።

ማታ ከመተኛትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ጣሳውን ከፍተው የፈላ ውኃ ያለበት ሰፊ ኩባያ አፍ ላይ ያስቀምጡት፣ ታቹ እንዲሞቅ። የዚህ ዓይነቱ ሽታ ወደ አየር የሚወጣው እንደ ሙቀቱ ነው፤ ቀላሎቹ ሽታዎች በየ10 ዲግሪው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይጨምራሉ፣ ከባዱ ሴድሮል ደግሞ ያለ ሙቀት ብዙም አይንቀሳቀስም። የጣሳው ታች እጅ የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ሽታው እርሳስ ከመቅረጽ ወደ ጣፈጥ ያለ፣ ማር ማር የሚል ነገር ሲዞር ይሰማዎታል። 20 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ይክደኑና ከክፍሉ ያውጡት። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ማታ እንጂ በየቀኑ አይሁን። ሽታው ሲሳሳ ፍቅፋቂውን በእጅዎ አሸት አሸት ያድርጉት፤ ሲሰበር አዲስ ፊት ይወጣዋል። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይለውጡት፤ አሮጌው ለልብስ ሣጥን ይሆናል። ብልን ፈጽሞ ያጠፋል የሚለው ግን የተጋነነ ነው፤ ገና የተፈለፈለውን ትል ያዳክም ይሆናል እንጂ ያደገውን አይነካውም።

ይህ ሁሉ ለምን ይሠራል? ሽታ ወደ አንጎል የሚገባበት መንገድ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት አጭር ነው። ከአፍንጫ ጣሪያ የሚነሳው ነርቭ መልእክቱን ስሜትና ትዝታ ወደሚያዝበት የአንጎል ክፍል በቀጥታ ያደርሳል። ከእንጨት ሽታዎች በሰው ላይ በደንብ ከተፈተኑት አንዱ ደግሞ የእርስዎ ጥድ ያለው ሴድሮል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት 26 ጤነኛ ሰዎች ሴድሮል ሲተነፍሱ የልብ ምታቸው ቀነሰ፣ የደም ግፊታቸውም ዝቅ አለ፣ ሰውነትን የሚያሳርፈው የነርቭ ክፍል ደግሞ ሥራው ጨመረ። «ይህ ትዝታ ነው፣ ደስ ስላላቸው ነው» ለሚል ሰው ሌላ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው በዚህ ጥናት የተፈተኑት ማንቁርታቸው በቀዶ ጥገና የወጣ፣ በአንገታቸው ቀዳዳ የሚተነፍሱ ሰዎች ናቸው። ሴድሮሉ በአፍንጫቸው ሳያልፍ ቀጥታ ወደ ሳንባቸው ገብቶም ነርቮቻቸው ላይ የማረፍ ምልክት ታይቷል። ስለዚህ ሞለኪዩሉ ራሱም የሚሠራው ነገር አለ ማለት ነው።

ጃፓኖች በዚህ ጉዳይ ከሁሉም ርቀው ሄደዋል። «የደን መታጠብ» የሚሉትን ልማድ የደን መሥሪያ ቤታቸው በስም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ አንድ ሥራ 12 ወንዶች ሦስት ሌሊት በከተማ ሆቴል ሲያድሩ ሂኖኪ ከሚባለው የጃፓን ዛፍ የወጣ ዘይት ክፍላቸው ውስጥ እንዲተን ተደረገ። በሽንታቸው የተለካው የጭንቀት ሆርሞን ቀነሰ፣ ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሶቻቸውም ነቁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሴት ተማሪዎች አልፋ ፓይኒን ለ90 ሰከንድ ብቻ አሽትተው የልብ ምታቸው ረገብ ብሏል።

ግን ቁጥሮቹን ያስተውሉ፤ 12 ሰው፣ 26 ሰው፣ አንድ ደቂቃ ተኩል። ተፈታኞቹ ጤነኞች ናቸው። ሽታን ደግሞ እንደ ክኒን ደብቆ መስጠት አይቻልም፤ ሰውየው እንደሸተተው ያውቃል። የሚጠብቀውም ነገር ይነዳዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ሙከራ አንዱን ሽታ ለሰዎች በጥሩ ስምና በመጥፎ ስም እየጠሩ ሲያቀርቡላቸው፣ ያው ሽታ አንዴ ያስደሰታቸው ሌላ ጊዜ ያስጠላቸው ነበር። የጥድ ሽታ ትምህርት ቤትን፣ የአዲስ ዓመት እርሳስንና የአያት ቤትን የሚያስታውሰው ሰውና ሬሳ ሣጥን ቤት አጠገብ ያደገ ሰው እኩል አያርፉበትም። ስለዚህ እንቅልፍ ከማጣት ባሻገር ወራት የዘለቀ ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም የምግብ ፍላጎት ማጣት ካለ፣ ጣሳውን ማሽተት ክልክል ባይሆንም ሕክምና አይተካም።

የሚመችዎ ከሆነ ከግድግዳውም ከጣሳውም የሚበልጠው ዛፉ ባለበት መሄድ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ያረጁ የአበሻ ጥዶች አሉት፤ በየገጠሩ ያለ የቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ጥድና ወይራ አያጣም። ሽታው የሚወፍረው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ነው። ሁለት ሰዓት ቀስ ብሎ መሄድ ይበቃል። እዚያ ግን የሚያሳርፍዎ ሽታው ብቻ ነው ብሎ መለየት አይቻልም፤ እርምጃው፣ ጸጥታውና የስልኩ ኔትወርክ መጥፋት ሁሉ አሉበት።

አሁን ወይራው። ወይራ ከጥድ ጋር አንድ አይደለም፤ ሰው ሁለቱን «የእንጨት ሽታ» ብሎ ስለሚያጣምር ነው ግራ የሚጋባው። ደረቅ የወይራ እንጨት አፍንጫዎ ሥር ቢያደርጉት ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። እኛ የምንወደው የወይራ ሽታ እንጨቱ ውስጥ አልነበረም፤ እሳቱ ነው የሚፈጥረው። እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን የሚባለው ነገር ያለ በቂ አየር ሲቃጠል ጓያኮልና ሲሪንጎል የሚባሉ ሽታዎች ይወጣሉ፤ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን የሚሰማው ያ ነው። ዕቃውን ከሚያበላሹት ተሕዋስያን የሚከላከሉትም እነዚሁና መሰሎቻቸው ናቸው። ስለዚህ ወይራን እንደ ጥድ ያለ ጢስ ማሽተት አይቻልም። ግን ጢሱን ከሰው መለየት ይቻላል። የወሎ ሴቶች ወይባ ሲሞቁ ያለውን ሥርዓት ያስታውሱ፤ ሰውነት በጋቢ ተሸፍኖ ጢሱ ላይ ይሆናል፣ ራስ ግን ከውጭ ነው። ቆዳ ይታጠናል፣ ሳንባ በአብዛኛው ይተርፋል።

ለቤትዎ የሚሆነው ዘዴ ዕቃ ከማጠን የተወሰደ ነው። ያልተለበጠ፣ ከሁለት ሊትር የማይበልጥ የሸክላ ማድጋ ወይም እንስራ ይፈልጉ፤ የተወለወለና እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቅብ ያለው ሸክላ ሽታ አይይዝም። ከቤት ውጭ፣ ከመስኮትም ራቅ ብለው፣ ጣት የሚያህሉ አራት የደረቀ ወይራ ፍልጥ ያቀጣጥሉ። ነበልባሉ ሲነሳ አፍነው ያጥፉት፤ የሚፈለገው ጢሱ ነው። ማድጋውን ጢሱ ላይ ይድፉት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት፣ አፉን ጥቂት ከፍ አድርገው ጢሱ እንዲመላለስ ያድርጉ። ከዚያ ገልብጠው ከደጅ አንድ ሰዓት ያናፍሱት። ሲቀዘቅዝ ወደ ቤት ያስገቡትና ሳሎን ውስጥ ያኑሩት። ለአራት አምስት ቀን ሲጠጉት የወይራ ሽታ ይሰጥዎታል፣ ክፍሉ ውስጥ ግን አንድም የሚነድ ነገር የለም። ሽታው መራራና ጥላሸት ጥላሸት ካለ እንጨቱ እርጥብ ነበር ወይም ነበልባል ነክቶታል፤ አጥበው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው እንደገና ይሞክሩ። ውጭ አገር በአፓርታማ የሚኖሩና የጢስ ማስጠንቀቂያው የሚያስቸግራቸው ሰዎችም ግቢ ባለው ዘመድ ቤት አጥነው መውሰድ ይችላሉ።

ስለ እጣኑ ብዙ አልልም፤ እንጨት ሳይሆን ሙጫ ነው። የእኛው እጣን ያለው ኢንሴንሶል አሴቴት የሚባል ነገር በአይጦች ላይ ፍርሃትና ድባቴ የሚቀንስ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል፤ አይጦቹ ግን የተሰጣቸው በመርፌ ነው እንጂ አልታጠኑም። ያንን ይዞ «እጣን ማጨስ ድባቴን ያድናል» ማለት ትልቅ ዝላይ ነው። ለበዓልና ለቡና ከተጨሰ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ልጅቱ ከደጅ ስትሆን፣ እሩብ ሰዓት ይሁን። ከዚያ ፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ።

ገበያ ላይ «ሴዳርውድ» ተብሎ የሚሸጠውን ዘይት ለመግዛት ካሰቡ ጠርሙሱ ላይ የዛፉን የሳይንስ ስም ያንብቡ። «ጁኒፐሩስ ቪርጂኒያና» ከሆነ ሴድሮል አለው፣ ለአበሻ ጥድም ቅርብ ነው። «ሴድሩስ አትላንቲካ» ከሆነ የሞሮኮ ዛፍ ነው፤ ጥሩ ሽታ ነው፣ ግን ሌላ ነው፤ ሴድሮልም አይፈልጉበት። የዛፍ ስም የሌለው፣ «መዓዛ» ብቻ የሚል ከሆነ ሰው ሠራሽ ሊሆን ስለሚችል ይተዉት። ሦስት ጠብታ በጥጥ ላይ፣ ለ20 ደቂቃ፣ ይበቃል። ቆዳ ላይ ሳይቀጠን አይቀባ። አየር ያጸዳል ተብሎ ኦዞን የሚረጭ መሣሪያ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ከማንኛውም የእንጨት ሽታ ጋር አንድ ላይ አይሥራ፤ ኦዞን ከእነዚህ ዘይቶች ጋር ሲገናኝ ፎርማልዴሃይድና ደቃቅ ብናኝ ይፈጥራል።

የልጅቱ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእሷ ክፍል ጣሳም፣ ማድጋም፣ ዘይትም አይግባ። አስም ያለበት ሳንባ ተፈጥሯዊና ሰው ሠራሽ ብሎ አይለይም፤ ጠንካራ ሽታ በራሱ ሊያነሳሳው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ የደቃቅ ብናኝ ልክ በ24 ሰዓት ውስጥ በአማካይ ከ15 ማይክሮ ግራም በሜትር ኪዩብ እንዳያልፍ ይላል፤ በተዘጋ ክፍል የሚጨስ አንድ ማጨሻ ያንን በደቂቃዎች ይሻገራል፣ በበር ሥርም ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። ጣሳውን የሚጀምሩት ከሰሉ ከቆመ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሁን፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከለወጡ የትኛው ምን እንዳደረገ አያውቁም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የእርስዎን የጠዋት ራስ ምታትና የእሷን የሌሊት ሳል ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ጣሳውን ይክፈቱና ለሌላ ሁለት ሳምንት እንደዚያው ይመዝግቡ። የልጅቱ ሳል ወይም የምትስበው መድኃኒት ብዛት ከጨመረ ጣሳውን ከድነው ከቤት ያውጡት፤ የአስም ክትትል ወደሚያደርግላት ሐኪም ሲሄዱም ያንን ወረቀት ይዘው ይሂዱ።